አርኤንኤ ራቁቱን አይሄድም፦ ፕሮቲንና አርኤንኤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ኮሌጅ ስንማር ነገሩ ቀላል ነበር። ዲኤንኤ አርኤንኤን ያወጣል፣ አርኤንኤ ፕሮቲንን ያወጣል፣ አለቀ። አሁን ሳነብ ግን ፕሮቲኑ ተመልሶ አርኤንኤውን ይቆጣጠራል ይላል። ታዲያ ማን ነው ማንን የሚያዘው? ደግሞ ሁለቱ የሚነካኩት ብልቃጥ ውስጥ ስለተቀላቀሉ ነው ወይስ ሕያው ሕዋስ ውስጥም በእርግጥ ይነካካሉ? ይህ እንዴት ይታወቃል? የክትባቱ አርኤንኤስ?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ማን ያዛል?» የሚለው ነው። ሌላው «እንዴት ታወቀ?» የሚለው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እሱ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኮሌጅ የተማሩት ስህተት አይደለም። መረጃው የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። የጎደለ ነገር ግን አለ። በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ አርኤንኤ ብቻውን እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ አርኤንኤ የለም ማለት ይቻላል። ከተወለደ ጀምሮ እስኪፈርስ ድረስ ፕሮቲን ለብሶ ነው የሚኖረው። ልብሱን ይቀያይራል እንጂ ራቁቱን አይሆንም። የት ይሂድ? መቼ ይነበብ? ስንት ጊዜ? መቼ ይፍረስ? ይህን የሚወስነው በአብዛኛው የለበሰው ፕሮቲን ነው።

እስቲ አንድ መልእክተኛ አርኤንኤን እንከተል። ኒውክለስ ውስጥ ከዲኤንኤው ላይ እየተገለበጠ ነው እንበል። ገና ጫፉ ብቅ ሲል ኬሚካላዊ ቆብ ይደፋለታል። ወዲያው ቆቡን የሚይዙ ፕሮቲኖች ይመጣሉ። ቀሪው ክር ወጥቶ ሳያልቅ ሌሎች ፕሮቲኖች በየቦታው ይለጠፉበታል። ከዚያ የማይፈለጉት ክፍሎች ተቆርጠው ይወጣሉ፣ የሚፈለጉት ይጋጠማሉ። የሚቆርጠው ማሽን ራሱ የአርኤንኤና የፕሮቲን ስብስብ ነው። ቆርጦ ሲጨርስም ዝም ብሎ አይሄድም። ከአብዛኞቹ መጋጠሚያዎች ከ20 እስከ 24 ፊደል ያህል ወደ ኋላ አንድ የፕሮቲን እሽግ ያስቀምጣል። (ፊደል የምለው ኑክሊዮታይዱን ነው።) ልብስ ሰፊ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ምልክት እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ያ ምልክት በኋላ ሥራ ላይ ይውላል። አርኤንኤው ከኒውክለስ ወጥቶ ራይቦሶም (መልእክቱን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን) ሲያነበው፣ ራይቦሶሙ በመንገዱ ያሉትን እሽጎች እየገፋ ያራግፋቸዋል። የማቆሚያው ቃል ላይ ደርሶ ሲቆም ከፊቱ ራቅ ብሎ አሁንም እሽግ ካለ ችግር አለ። ማቆሚያው ያለቦታው ነው የመጣው፤ መልእክቱ ተበላሽቷል። ሕዋሱም ያንን አርኤንኤ ያፈርሰዋል። ይህን መጀመሪያ ስማር በጣም ነበር የገረመኝ። የአርኤንኤው ፊደል ብቻውን ይህን አይነግርም። የሚነግረው ፕሮቲኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በሌላኛው ጫፍ ኤ፣ ኤ፣ ኤ እያለ የሚሄድ ጅራት አለ። በእኛ ሕዋሳት ውስጥ አዲስ አርኤንኤ 200 ያህል ኤ ሊኖረው ይችላል። ጅራቱን የሚይዝ የራሱ ፕሮቲን አለ፤ አንዱ 27 ፊደል ያህል ይሸፍናል። ጅራቱ እያጠረ ሲሄድ ፕሮቲኑ የሚይዘው ያጣል። ከዚያ በኋላ አርኤንኤው ብዙ አይቆይም።

እስካሁን ፕሮቲኑ አዛዥ ይመስላል። ራይቦሶሙን ሲያዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሰው ራይቦሶም 4 የአርኤንኤ ክሮችና 80 ያህል ፕሮቲኖች አሉት። አሚኖ አሲድን ከአሚኖ አሲድ የሚያያይዘው የትኛው ነው? ለረጅም ጊዜ ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2000 የባክቴሪያና የመሰሎቻቸው ራይቦሶም ቅርጽ በዝርዝር ሲታይ ሥራው የሚሠራበት ቦታ አርኤንኤ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፕሮቲኖቹ ዙሪያውን ደግፈው ይዘውታል እንጂ እጃቸውን አላስገቡም። ለዚህ ሥራ ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ «ማን ያዛል?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። መልሱ በየቦታው ይለያያል። አንዱን ቦታ ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

በቅድሚያ ስለ ክትባቱ። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባት አርኤንኤ በቅባት እንክብል ተጠቅልሎ ነው ሕዋስ ውስጥ የሚገባው። ፕሮቲን አልለበሰም። እንግዲህ ራቁቱን የሚሆንበት አጭር ጊዜ ይህ ነው፤ አደጋውም እዚያ ነው። ሕዋሱ ሲውጠው በሚያስገባበት ከረጢት ውስጥ ባዕድ አርኤንኤን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። ቲኤልአር7ና ቲኤልአር8 ይባላሉ። ተራ አርኤንኤ ሲገባ የቫይረስ ያህል ይደነግጣሉ፣ ሕዋሱም መቆጣት ይጀምራል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን በ2005 ያሳዩት፣ ዩ የተባለው ፊደል በኬሚካል ትንሽ ሲለወጥ እነዚህ ዘበኞች እንደማይጮሁ ነው። በ2023 ኖቤል ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። አርኤንኤው ከከረጢቱ ሲያመልጥ ደግሞ የሕዋሱ ፕሮቲኖች ይቀበሉታል። ቆቡን የሚይዘው ቆቡን ይይዛል፣ ጅራቱን የሚይዘው ጅራቱን። ከዚያ በኋላ እንደ አገሬው አርኤንኤ ለብሶ ይነበባል።

አሁን እንዴት እንደሚተዋወቁ። አርኤንኤ ከላይ እስከ ታች ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ የሚያመጣው የፎስፌቱ ሰንሰለት ነው። አርጂኒንና ላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ፖዘቲቭ ናቸው። እነሱ የበዙበት የፕሮቲን ገጽ ማንኛውንም አርኤንኤ ይስባል። ይህ ግን መሳብ ብቻ ነው፤ መምረጥ አይደለም። ለመምረጥ ፕሮቲኑ ወይ ፊደሉን ያነባል፣ ወይ ቅርጹን ይለካል።

ፊደል የሚያነቡት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መዳፍ አላቸው። 90 አሚኖ አሲድ ያህል የሆነች ትንሽ ክፍል ናት። ጠፍጣፋ ገጿ ላይ ፊደሎቹ እየተነጠፉ ይቀመጣሉ። ችግሩ፣ አንዷ መዳፍ በአንድ ጊዜ የምታነበው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ፊደል ብቻ መሆኑ ነው። አራት ፊደል ደግሞ የትም ይገኛል። በሺህ ፊደል አርኤንኤ ውስጥ ያው አራት ፊደል በአጋጣሚ ብቻ አራት ጊዜ ያህል ይመጣል። ስለዚህ ፕሮቲኖቹ መዳፎችን ይደራርባሉ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እያንዳንዷ አያያዝ ደካማ ናት። ተደምረው ግን ይጠብቃሉ። ደግሞ ደካማ መሆናቸው ጥቅም አለው። ልብስ መቀየር የሚቻለው ቁልፉ በቀላሉ ሲፈታ ነው።

ቅርጽ የሚለኩት ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ጥጥ ሲፈተል አይተው ያውቃሉ? ክሩ ከልክ በላይ ከተጠመዘዘና ላላ ካደረጉት በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ሁለቱ ጎን ተጣምሮ ግንድ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ይቀራል። አርኤንኤም ልክ እንደዚያ ያደርጋል። ዩ ከኤ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር እየተጣመሩ ግንዱን ይሠራሉ፤ ያልተጣመሩት ቀለበቱ ላይ ይቀራሉ። ይህ እጥፋት ለፕሮቲኑ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው።

ጠጋ ብለን የምናየው ቦታ ይኸው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚሠሩ ፌሪቲንን ያውቁታል። የደም ማነስ ተጠርጥሮ በየጊዜው የሚመጣላችሁ ምርመራ ነው። ፌሪቲን አይረን የሚያከማች ፕሮቲን ነው። 24 ቁራጮች ተገጣጥመው ባዶ ኳስ ይሠራሉ። ውስጡ እስከ 4,500 የአይረን አተሞች ይይዛል። አይረን ልቅ ሆኖ ከዞረ ሕዋሱን ይጎዳል፤ ከሌለ ደግሞ ሕዋሱ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ሕዋሱ ጎተራውን እንደ እህሉ መጠን ማስፋትና ማጥበብ አለበት።

እንዴት? ቀድሞ የታወቀው አንድ እንግዳ ነገር ነበር። አይረን ሲጨመር ፌሪቲን ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ መልእክተኛ አርኤንኤው ግን እምብዛም አይጨምርም። አርኤንኤው ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው፤ የሚከለክለው ነገር አለ። በ1976 የሐሚሽ መንሮ ቡድን ይህን ሐሳብ አቀረበ። በ1987 ደግሞ ማቲያስ ሄንትሰና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም መንሮ ራሱ ከአዚዝ ጋር፣ ከልካዩ የሚቀመጥበትን ቦታ በየፊናቸው አገኙት። በፌሪቲን አርኤንኤ መነሻ አካባቢ፣ ከቆቡ ብዙ ሳይርቅ፣ 30 ፊደል ያህል የምትረዝም እጥፋት አለች። ግንዷ መሃል ላይ አንድ ሲ ሳትጣመር ወደ ጎን ወጥታለች። ጫፏ ላይ ስድስት ፊደል ያለው ቀለበት አለ።

ይህችን እጥፋት የሚይዙት ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ አይአርፒ1ና አይአርፒ2። አይረን ሲያንስ እጥፋቷን ጨብጠው ይይዛሉ። ቦታዋ ቆቡ አጠገብ ስለሆነ የራይቦሶሙ ትንሹ ክፍል መሳፈር አይችልም። ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው አልፎ መግባት እንደማይቻለው ነው። ፌሪቲን አይሠራም፤ እህል በሌለበት ጎተራ ለምን ይሠራል?

ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እኔን የሚማርከኝ። ሕዋሱ አይረን ከደም የሚቀበልበት ሌላ ፕሮቲን አለ፣ የትራንስፈሪን ተቀባይ ይባላል። (ትራንስፈሪን አይረንን በደም ውስጥ የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ነው።) የእሱ አርኤንኤም ተመሳሳይ እጥፋቶች አሉት፤ አምስት። ያሉት ግን መነሻው ላይ ሳይሆን ጅራቱ አካባቢ፣ መልእክቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያው አይአርፒ መጥቶ ያው ዓይነት እጥፋት ላይ ይቀመጣል። እዚህ ግን ንባብ አይከለክልም፤ ራይቦሶሙ ሥራውን ጨርሶ ወርዷል። እዚህ የሚያደርገው አርኤንኤውን ከቆራጭ ኢንዛይም መከላከል ነው። አርኤንኤው ዕድሜ ያገኛል፣ ተቀባዩ ይበዛል፣ ሕዋሱ አይረን ይስባል።

አስተውሉ። አንድ ፕሮቲን፣ አንድ ዓይነት እጥፋት፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። ልዩነቱን ያመጣው እጥፋቱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። «ማን ያዛል?» ላሉት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ፕሮቲኑ ይይዛል፤ መያዙ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ግን አርኤንኤው ነው።

አይረን ሲበዛስ? አይአርፒ2 ይፈርሳል። አይአርፒ1 ደግሞ አይፈርስም፤ ሥራ ይቀይራል። ሆዱ ውስጥ አራት አይረንና አራት ሰልፈር የያዘች ጥቅል ትገባለች። ያኔ ቅርጹ ይዘጋል፣ አርኤንኤውን ይለቃል፣ አኮኒቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይሆናል። አኮኒቴዝን ሕዋስ ከምግብ ኃይል ከሚያወጣበት ከክሬብስ ዑደት ያስታውሱታል፤ ሲትሬትን ወደ አይሶሲትሬት የሚለውጠው ነው። ይሄኛው ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ያለው ወንድሙ ነው። በ2006 አይአርፒ1 እጥፋቷን እንደያዘ ፎቶ የሚያህል የክሪስታል ቅርጹ ታየ። ፕሮቲኑ እንደ መዳፍ ተከፍቶ ነበር፤ አርኤንኤው የገባውም ኢንዛይም ሲሆን ሥራ በሚሠራበት ስንጥቅ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት አይችልም። ሕዋሱ የአይረኑን መጠን የሚለካው በራሱ በአይረኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ብልቃጥ ውስጥ ስለተቀላቀሉ ነው ወይ? ይህ ጥርጣሬ ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። ከላይ እንዳልኩት ፖዘቲቭ ገጽ ያለው ፕሮቲን ያገኘውን አርኤንኤ ሁሉ ይስባል። ሕዋሱን ስናፈነዳ ደግሞ በየክፍሉ ተለያይተው የነበሩት ሁሉ አንድ ሾርባ ውስጥ ይገባሉ። በሕይወት ሳሉ ተገናኝተው የማያውቁ እዚያ ይተዋወቃሉ። በ2004 ስታቭሩላ ሚሊና ጆአን ስታይትዝ ይህን በግልጽ አሳዩ። ፕሮቲኑ ያለባቸውን ሕዋሳትና አርኤንኤው ያለባቸውን ሕዋሳት ለየብቻ አሳድገው፣ ከፈነዱ በኋላ ቀላቀሏቸው። ፕሮቲኑን እሱን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ሲያወጡት አርኤንኤው ተንጠልጥሎ መጣ። ሕያው ሳሉ አንድ ጣሪያ ሥር እንኳ አልነበሩም! ስለዚህ «አብረው ወጡ» ማለት «አብረው ነበሩ» ማለት አይደለም።

መፍትሔው ሕዋሱ ሳይፈነዳ በፊት የተነካኩትን እዚያው ባሉበት መበየድ ነው። ብየዳው የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትር። ብርሃኑ የአርኤንኤውን ፊደል ሲመታው፣ በዚያች ቅጽበት ከፊደሉ ጋር ተነካክቶ ያለ አሚኖ አሲድ ካለ በጠንካራ ኬሚካላዊ ማሰሪያ ይያያዛሉ። ትንሽ እንኳ ከራቀ አይያያዝም። ፕሮቲንን ከፕሮቲንም አይበይድም። ለዚህ ነው የምንወደው።

አሠራሩን ልንገርዎ። ሕዋሳቱ ሳህን ላይ አድገዋል። ምግባቸውን አፍስሼ በቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ አጥባቸዋለሁ። ሳህኑን በረዶ ላይ አስቀምጬ መብራቱ ሥር አስገባዋለሁ። ብርሃኑ የሚበራው ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ ሕዋሳቱን አፈነዳለሁ። አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም በልኩ እጨምራለሁ፤ ብዙ ከሆነ ምንም አይቀርም፣ ትንሽ ከሆነ ክሩ ይረዝማል። ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ እይዘውና በጨው በደንብ አጥበዋለሁ። የተበየደው ይቀራል፣ የተንጠለጠለው ይታጠባል። የቀረችውን የአርኤንኤ ቁራጭ በሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ምልክት አደርግባታለሁ። ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ጄል ላይ አስሮጣለሁ፣ ወደ ሜምብሬን አሻግራለሁ፣ ፊልም አስቀምጥበታለሁ።

ፊልሙ ላይ የሚታየው ነጥብ አይደለም። ከፕሮቲኑ ክብደት ከፍ ብሎ ወደ ላይ እንደ ጭስ የሚሳብ ጥቁር ጥላ ነው። ጥላው የሚዘረጋው በፕሮቲኑ ላይ የቀሩት የአርኤንኤ ቁራጮች ርዝመታቸው ስለሚለያይ ነው። ያንን ቦታ በምላጭ ቆርጬ አወጣለሁ። ፕሮቲኑን በሌላ ኢንዛይም አስበላዋለሁ፤ አርኤንኤው ላይ የጥቂት አሚኖ አሲዶች ጠባሳ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ቁራጮቹን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ማንበብ ነው። የሚገለብጠው ኢንዛይም ጠባሳው ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሰናከልና ይቆማል። መጀመሪያ ይህ እንደ ጉድለት ይታይ ነበር። በ2010 ግን የቆመበትን ቦታ ራሱን እንደ ምልክት መጠቀም ተጀመረ። የተነካካችው ፊደል የቷ እንደሆነች በትክክል ያሳያል።

ሥራውን ስጀምር አንድ ቀን የሳህኑን ክዳን ሳላነሳ መብራቱን አበራሁ። ፕላስቲኩ ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ሦስት ቀን ደክሜ ፊልሙን ሳወጣ ነጭ ነበር፣ አንድም ጥላ የለበትም። አዘንኩ። በኋላ ግን ያ ነጭ ፊልም ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ መሆኑ ገባኝ። ብርሃን ከሌለ ጥላ ከሌለ፣ በሌሎቹ ፊልሞች ላይ ያለው ጥላ በእርግጥ ከብየዳው የመጣ ነው። ዛሬ ተማሪዎቼ በየሙከራው አንድ ሳህን ሳይበራበት እንዲያስቀሩ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው።

ዘዴውን ያስተዋወቁት በ2003 ዬርኔ ኡሌና ሮበርት ዳርኔል ናቸው፤ ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ። የሠሩበት ፕሮቲን ኖቫ ይባላል። ኖቫ የታወቀው በሕሙማን በኩል ነው። አንዳንድ የካንሰር ሕሙማን ሰውነታቸው ዕጢውን ለመዋጋት ያወጣው አንቲቦዲ አእምሯቸውን ያጠቃል። ሚዛናቸው ይናጋል፣ ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው ይርገበገባል። አንቲቦዲው የሚይዘው ኖቫን ነበር። ከአይጥ አእምሮ በብርሃኑ በይደው ሲያወጡት 340 የአርኤንኤ ቁራጮች አገኙ። ብዙዎቹ የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበትን ቦታ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አርኤንኤ ነበሩ። ዛሬ በአንድ ሙከራ ሚሊዮኖች ይነበባሉ።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። ብርሃኑ የሚበይደው ከተነካኩት መካከል ጥቂቱን ብቻ ነው። ወፍራም ሥጋ ውስጥ ጠልቆ አይገባም። አንቲቦዲና ጨው ብቻ ይዞ ማጠብም ሁልጊዜ አይበቃም። በ2024 ከሚቼል ጉትማን ላቦራቶሪ የወጣ ሥራ ብዙ ሰው አነጋግሯል። የሰውና የአይጥ ሕዋሳትን ቀላቅለው፣ ፕሮቲኑ በአንዱ ውስጥ ብቻ እንዲኖር አድርገው ሞከሩ። በተለመደው እጥበት ከሌላው ዝርያ አርኤንኤ ጭምር መጣ። ፕሮቲንን በሚያፈርስ ጠንካራ እጥበት ሲደግሙት፣ አርኤንኤ ይይዛል ሲባል የኖረው ፒአርሲ2 የተባለው የፕሮቲን ስብስብ ምልክቱ ጠፋ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ በበኩሌ ጠንካራው እጥበት ልማድ መሆን አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ።

ተቃራኒውን መንገድ መያዝም ይቻላል። ፕሮቲኑን ይዞ አርኤንኤ ከመፈለግ፣ አርኤንኤውን በጅራቱ ይዞ የተበየደበትን ፕሮቲን ሁሉ መቁጠር። በ2012 ሃይደልበርግ ላይ ይህ ተሠርቶ በሰው ሕዋስ ውስጥ 860 ያህል ፕሮቲኖች ተገኙ። የሠራው ላቦራቶሪ የሄንትሰ ነው፤ ያው በ1987 የፌሪቲንን እጥፋት ያገኘው። ከተገኙት መካከል ብዙዎቹ አርኤንኤ ይይዛሉ ተብለው የማይጠረጠሩ ነበሩ። እንደ አኮኒቴዝ ያሉ ምግብ የሚያቀነባብሩ ኢንዛይሞችም ነበሩባቸው። ዛሬ የሰው አርኤንኤ ያዥ ፕሮቲኖች ከ1,500 በላይ እንደሆኑ ይቆጠራል።

መነካካታቸው ብቻ ግን ሥራ እንደሚሠሩ አያሳይም። ሁለተኛው ማስረጃ ቦታውን ማበላሸት ወይም መሸፈን ነው። ነገሩ ከተለወጠ መነካካቱ ቁም ነገር ነበረው። ከዚህ በሽታም መድኃኒትም ወጥቷል።

ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባል ሕፃናትን የሚያዳክም ሕመም አለ። ኤስኤምኤን1 የተባለው ጂን ሲጠፋ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ሰው መጠባበቂያ አለው፣ ኤስኤምኤን2። በአንድ ፊደል ለውጥ ምክንያት ግን የመጠባበቂያው አርኤንኤ ሲቆራረጥ ሰባተኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል። ከዚያ ክፍል ቀጥሎ ኤችኤንአርኤንፒ ኤ1 የተባለ ፕሮቲን የሚቀመጥባት አጭር ቦታ አለች፤ እዚያ ሲቀመጥ መዝለሉን ያበረታታል። ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት 18 ፊደል ያላት አርኤንኤ መሰል ቁራጭ ናት። የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ቀድማ ትይዛለች። ፕሮቲኑ መቀመጫ ያጣል፣ ሰባተኛው ክፍል ይቀራል፣ ሙሉ ፕሮቲን ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 2016 መጨረሻ ሳምንታት ተፈቀደ። ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ በየአራት ወሩ በአከርካሪያቸው ይወጋሉ። ሳይታከሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ከነበሩት ሕፃናት መካከል ዛሬ የሚቀመጡና የሚቆሙ አሉ።

የመጨረሻው ማስረጃ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሊመጣ የሚችል ነው። በ1995 ፈረንሳይና ጣሊያን ውስጥ እንግዳ የሆኑ ቤተሰቦች ተገለጹ። ፌሪቲናቸው በጣም ከፍተኛ ነው፤ አይረናቸው ግን አልበዛም። በወጣትነታቸው የዓይን ሞራ ይጋርዳቸዋል። ጂናቸው ሲታይ በፌሪቲን አርኤንኤ ላይ፣ ያች እጥፋት ቀለበት ውስጥ፣ አንድ ፊደል ተቀይሯል። አይአርፒ በደንብ መያዝ አልቻለም። ከልካይ ስለሌለ ፌሪቲን ቀን ከሌሊት ይሠራል፤ ዓይን ውስጥ እየተጠራቀመ ሌንሱን ያደፈርሰዋል። ብልቃጥ የለም፣ መብራት የለም፣ አንቲቦዲ የለም። ሕያው ሰው ውስጥ አንዲት ፊደል ተነካች፣ ያዡ አጣት።

አንዳንዶቹ አይረን በዝቶባቸዋል ተብለው ደማቸው በተደጋጋሚ ተቀድቷል። የሚያተርፉት ደም ማነስ ነው፤ መጀመሪያውኑ ትርፍ አይረን አልነበራቸውም። በእርግጥ ከፍ ያለ ፌሪቲን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእብጠት፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከጉበት ሕመም ነው። ይህኛው ብርቅ ነው። ቢሆንም ፌሪቲኑ ሺህ አልፎ የትራንስፈሪን ሳቹሬሽኑ (ከትራንስፈሪኑ አይረን የተሸከመው ድርሻ) ልክ የሆነ ሰው ከመጣ፣ ውጤቱን ሲልኩ ለሐኪሙ አንድ ነገር ቢጠይቁት አይከፋም፤ ታማሚው ወይም ከወላጆቹ አንዱ በወጣትነቱ የዓይን ሞራ ወጥቶለት እንደሆነ።